ስድስት ወይስ አሥራ አንድ?

ነገሩ የጀመረው በውሸት ነው። ውሸት እንኳ አይባልም፤ ያልሰሙትን እንደሰሙ ሆኖ መመለስ ነው። በአስጎብኚ ሥራ ይህ እንደ ጫማ ማውለቅ ነው፤ በየበሩ ይደረጋል።

የገና ሰሞን ነበር። ላሊበላ በምእመን ተጨናንቃለች፤ እግር መጣያ የለም። እኔ ጡረታ የወጣ አንድ የሆላንድ ሰው ይዤ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ እወርዳለሁ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልኩትን ሁሉ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ነው የሚቀበለኝ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ዞር አለና በዚያ ጉሮሮ በሚፍቅ አነጋገሩ «ላላ በሉን ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«ታዲያስ!» አልኩት። «ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው።»

ግራ እንደገባው ያስታውቃል። «ደስ አይልም?» አለ።

«በጣም እንጂ። 800 ዓመት ሆኖታል።»

«ስምንት መቶ?» ትንሽ አሰበ። «እኔ ስድስቱንም እወዳቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ የሙያ ኩራቴ ተነሣ። «ስድስት አይደሉም፤ አሥራ አንድ ናቸው» አልኩት። «ምናልባት አምስቱን ገና አላዩአቸው ይሆናል።»

ሰውዬው መልስ አልሰጠኝም፤ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። «ላላ በሉ» አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ስድስት ሙዚቃ ያለበት፣ የኃይሉ መርጊያ። እኔ አሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ስቆጥርለት እሱ ስድስት ዘፈን ይቆጥርልኛል። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ተሳስቶ የተገኘው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ ስለ ኃይሉ መርጊያ ያወራልኝ ጀመር። እኔ ለእሱ ስለ አገሬ ላወራ ተከፍሎኝ፣ እሱ ለእኔ ስለ አገሬ ያወራልኛል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች እንደነበረ፣ በሒልተን ሆቴል ይጫወቱ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው እንደቀረ፣ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ እንደነበር። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ስለዚህ ሁሉ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሲሄድ አንዲት ፍላሽ ጣት የምታህል ሰጠኝ። «አርባ ያህል አልበም አለበት፤ ሁሉንም ዓይነት» አለኝ። «በየምሽቱ አንድ ስማ። የተሰማህን ግን ሳትዋሽ ጻፍልኝ።» ሳትዋሽ ያላትን ቃል ጫን አድርጎ ነው የተናገራት። ገብቶታል ማለት ነው።

ፍላሹን ወደ ስልኬ ያዛወረልኝ ሚሞሪ የሚጭነው የሰፈራችን ልጅ ነው። እየከፈተ እየዘጋ ጥቂት ሰማና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም፤ ድምፅ ነው» አለኝ። ባለ 32 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ፈረንጆች ለአልበም ኮከብ እንደሚሰጡ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ኮከብ ስንት እንደሚያወጣ ስለማላውቅ በማውቀው መስፈሪያ፣ በጠላ ጣሳ፣ ከአምስት ልሰፍር ወሰንኩ። ኤርፎንም ገዛሁ። ኤርፎኑን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ አንዱ ድምፅ ከግራ ሌላው ከቀኝ ሲመጣ ሻጩ «ስቴሪዮ ነው!» ብሎ እስክደነቅለት ይጠብቃል። እኔ ይህን የማውቀው ከልጅነቴ ነው። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ግቢ፣ ግማሹ ካህን ማሜ ጋራ ከተባለው አፋፍ ላይ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው ሆኖ «ቤዛ ኩሉ» እየተቀባበለ ሲያሸበሽብ መሐል የቆመ ሰው አንዱ ጆሮው ሰማይ፣ አንዱ ምድር ይሰማል። ለ120 ብር የገዛሁት ኤርፎን ያንን ሊያስንቀኝ አልቻለም።

የመጀመሪያው ምሽት የሙላቱ አስታጥቄ ነበር፤ ከ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የድሮ ሸክላዎቻችንን እያሰባሰበ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በየቁጥሩ ሲያወጣቸው ከቆዩት መሐል በባዕድ አገር እንደ አራተኛው የታወቀ የለም ይባላል፤ በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከገባ በኋላማ በየቡና ቤታቸው የሚሰማ ሆኗል። ጎረቤታችን የኔታ አመሻሽ ላይ ደጃችን አረፍ ብለው ስለነበር በስፒከር ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ አንድ ሙዚቃ ሙሉ አዳመጡ። ሁለተኛውንም አዳመጡ። በሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ገለጡና «ደግ ነው፤ ታዲያ ማሕሌቱ በስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አሉኝ።

ሳቄን ዋጥኩት እንጂ እኔም ስጠብቅ የነበረው ያንኑ ነው። ዘፋኝ አንድ ቦታ ላይ ብቅ ይላል ብዬ። እኛ ሰፈር መሣሪያ ብቻውን ሲጫወት ዘፋኙ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው ማለት ነው። በደብተሬ «ሦስት ጣሳ፤ ሁለቱን የቀነስኩት ዘፋኙ በመቅረቱ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ያነበበ የጃዝ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ሳትዋሽ ተብያለሁ።

የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1959 በሁለት ቀን ቀረጻ ብቻ የተሠራ፣ አምስት ሙዚቃ ያለው፣ የጃዝ ሁሉ አውራ የሚባል። አራት ሌሊት ሞከርኩት። አራቱንም ሌሊት ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንግዲህ ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግሩም መሆናቸውን እመሰክራለሁ፤ ስለ ቀሩት ሦስቱ ግን ያላየሁትን አልመሰክርም። አንድ ነገር ልጨምር፤ በእንቅልፍ እጦት ለሚሠቃይ ሰው አምስት ጣሳ።

በጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ደግሞ ቤታችን ሊታመስ ነበር። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያዞረ ሰው ነው። አክስቴ እታለም (ስሟ አይደለም፤ ልጅ ሆነን ያወጣንላት ነው) ማጀት ሆና ሰማችውና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «ማነው የሚፎክረው?»

«ሰው አይደለም፤ ጥሩንባ ነው እታለም።»

«ጥሩንባ ያለ ሰው ይፎክራል? ማንን ገድሎ ነው?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ የአልበም ሽፋን የለም። እሷ ግን እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው፤ ሲያልቅም «ገድሏል» ብላ ወደ ማጀቷ ተመለሰች። አምስት ጣሳ የሰጠሁት የእኔን ጆሮ አምኜ ሳይሆን የእሷን መቆም አይቼ ነው። እታለም ወጥ እሳት ላይ ጥዳ ለማንም አትቆምም።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። ሜታሊካ የሚባሉት የሮክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት፣ ሽፋኑ ዳር እስከ ዳር ጥቁር የሆነ አልበም አለ። ያን ዕለት ማታ ኤርፎኔን ከትቼ ተጋደምኩና ጀመርኩት። መጀመሪያ ላይ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሣ መሰለኝ። ቆይቶ ግን እግሬ ራሱ መምታት ጀመረ፤ እኔ ሳላዘው። ደስ ማለቱ ነው መሰለኝ። መሐል ላይ አንደኛው የኤርፎን ጆሮ ተንኮሻኩሾ ዝም አለ፤ የ120 ብር ነገር። እንዲህ ያለውን ጉልበት በአንድ ጆሮ መስማት ግፍ ነው ብዬ ስፒከሩ ላይ ለቀቅሁት፤ እስከ ጥጉ።

በሩ ተመታ። የኔታ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው።

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «አንተ ቤት ነው ሰው የሞተው፣ ወይስ ሊሞት ነው?»

ለካ ኤርፎኑን ከትቼ ሳለ የዕድሩ ጥሩንባ ሁለቴ ተነፍቶ አልፏል። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት አዛውንት አርፈው ድንኳን ተተክሏል፤ ሴቶቹ ሙሾ ሊያወጡ ሲሉ እኔ ሮክ ለቀቅሁባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ፣ ውኃ ቀድቼ፣ ንፍሮ አድዬ ነው ፊት የተመለሰልኝ። ዕድሩ አልቀጣኝም፤ ዓይኑ ግን ቀጥቶኛል። ለራሴ መጽናኛ አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ፤ አልበሙ ቢያንስ ከል ለብሶ ነበር።

ዓቢይ ጾም ገባ። እታለም በ55ቱ ቀን ዘፈን የሚባል እቤቷ እንዳይሰማ አወጀች፤ ስለ ሜታሊካው ገና ይቅር አላለችኝም። ከፍላሹ ውስጥ ፈተናዋን ያለፉት ሁለት አልበሞች ብቻ ናቸው። አንዱ የአለሙ አጋ በገና ነው። የበገናን ነገር ለማያውቅ እንዴት እንደምገልጽ አላውቅም፤ አሥሩ ጅማት ሲመታ የሚነዝረው ጆሮ ሳይሆን የተቀመጡበት ወንበር ነው። ጣሳ አልሰፈርኩለትም፤ በጾም ጠላ ማንሣት ደግ አይደለም።

ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እታለም ምስር እየለቀመች ነበር። ፒያኖው ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ የረሳውን ነገር ሊያነሣ እንደሚመለስ ሰው ወደ ኋላ ይላል፣ ደግሞ ይሄዳል። እሷም ስትለቅም ቆይታ እጇ ሠፌዱ ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው ያንከራተታቸው?» አለች። ሴት መሆናቸውን እንኳ አልነገርኳትም።

ነገርኳት። አዲስ አበባ የተወለዱ የትልቅ ሰው ልጅ እንደነበሩ፣ በወጣትነታቸው ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው እንደመነኮሱ፣ እዚያ በባዶ እግራቸው ዐሥር ዓመት ያህል እንደኖሩ፣ የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር እንደታተመ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም እንዳረፉ። እታለም ግሸንን ታውቀዋለች፤ መስከረም 21 ቀን ስንት ዓመት ተሳልማዋለች። ያ መስቀለኛ አምባ ሌሊት ብርዱ ምን እንደሆነ አይነገራትም።

«ባዶ እግራቸውን» አለችና ዝም አለች። ቆይታ፣ ወደ ምስሯ ተመልሳ፣ «እግራቸው መንኗል። እጃቸው ግን አልመነነም» አለች። በደብተሬ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ ከእኔ የጨመርኩት የለም።

ከፋሲካ በኋላ ገበታው ሰፋ። የጂጂን እ.ኤ.አ. የ2001 አልበም ከፈትኩ፤ እነ ሄርቢ ሃንኮክ፣ እነ ዌይን ሾርተር፣ የዓለም የጃዝ መኳንንት የተሰለፉበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ፤ በመጀመሪያው ምሽት አልወደድኩትም። ሚዜ ሲበዛ ሙሽራዋ አትታይም። ስትታይ ግን የሚዜዎቹን ስም ሁሉ ያስረሳል። ሦስት ተኩል ጣሳ፤ ግማሿ በይግባኝ የተጨመረች ናት። የቴዲ አፍሮን «ኢትዮጵያ» ልሰፍርለት አልቻልኩም፤ በ2009 ዓ.ም. የከተማችን ባጃጅ ሁሉ እሱን ብቻ ይጫወት ስለነበር አልሰማሁትም፤ ተሳፈርኩት እንጂ። የሮፍናንን «ነጸብራቅ» የሰፈሩ ልጆች ሲጨፍሩበት አብሬ ብድግ ብዬ ነበር፤ ወገቤ መልሶ አስቀመጠኝ። ጥፋቱ የአልበሙ አይደለም።

ቪቫልዲ የሚባል ጣሊያናዊ ስለ አራቱ ወቅቶች የደረሰውን፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የታተመውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከበጋው ክፍል መጨረሻ ላይ ቫዮሊኖቹ ሁሉ ተያይዘው ዐውሎ ነፋስ ያስነሣሉ። ላስታ በበረዶ ገብሱን የተመታ አገር ነውና እታለም ወዲያው «በረዶ ነው» ትላለች ብዬ ቋመጥኩ። በሙሉ ድምፅ ከፈትኩት።

«ንቦቹ ወጡ!» ብላ ጮኸች። አመድ በእጇ ዘግና ወደ ቀፎው ሮጠች። ንቦቹ አልወጡም ነበር። አመዱ ግን ወጥቷል፤ ነፋሱም ወደ እኔ ይነፍስ ነበር። ሕፃኑን ንጉሥ ንብ ከብቦት እናቱ ላሊበላ ባለችበት አገር ቫዮሊን ሰምቶ ንብ ማለት ስሕተት ነው? ቪቫልዲ ቢኖር እንኳ ከእሷ ጋር የሚከራከር አይመስለኝም።

ፊቴን እየታጠብኩ አንድ ነገር ገባኝ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ቤት ቴፕ ነበረ፤ ስድስት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ። የአስቴር አወቀን «ካቡ» ካሴት ያገኘሁት እዚያ ነው። አጎቴ ድንጋይ ቶሎ አይገዛም። የደከመውን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ በጥርሳችን ነክሰን እንመልሰዋለን። ድንጋዩ ሲደክም ካሴቱ ይጎተታል፤ አስቴርም ቀስ እያለች፣ እየወፈረች፣ መጨረሻ ላይ ወንድ ትሆናለች። እኔ ያቺን ወፍራሟን አስቴር ነው የወደድኩ። ወልድያ ትምህርት ቤት ገብቼ በኤሌክትሪክ ስሰማት «ይቺ ደግሞ ማን ናት የምትቻኮለው?» አልኩ። እስከ ዛሬም ልክ የሆነችዋ አስቴር ለእኔ ፈጥና የምትሮጥ ናት።

እንግዲህ የእኔ ጆሮ ይህ ነው። በደከመ ባትሪ የተቃኘ፣ በቤዛ ኩሉ የተሳለ፣ ወሎዬ በመሆኑ የታበየ። ባቲ ከተማ አላት፤ አምባሰል ተራራ አላት፤ ትዝታንና አንቺሆዬንም ሊነጥቀን የሚመጣ ካለ ሽማግሌ አንልክበትም። አምስት ድምፅ ለለመደ ጆሮ ሰባቱን የሚጠቀም ሙዚቃ ሰው የበዛበት ታክሲ ነው፤ የሱዳን ዘፈን ግን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ቃሉ ሳይገባን ድሮ ቤተኛ ሆኗል። ታዲያ ስሰፍር የከረምኩት አልበሞቹን ነበር ወይስ ጣሳዬን?

ይህን ጥያቄ እንዳንጠለጠልኩ ለእህቴ ልጅ ክርስትና አዲስ አበባ ገባሁ። ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝቼ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሴትና የወንድ ድምፅ ከበር ላይ ተነሣ። ላሊበሎች ናቸው፤ እነዚያ በየደጁ በማለዳ ዘፍነው፣ ተቀብለው፣ መርቀው የሚሄዱት። ካልዘፈኑ ደዌ ይወርሳቸዋል ይባላል። የከተማዬን ስም እንዲህ ተሸክመው በሰው ደጅ ሲዞሩ በአካል ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ስቤ በልቤ መስፈር ጀመርኩ፤ የሴቷ ድምፅ አራት፣ የወንዱ ሁለት ተኩል።

እነሱ ግን ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። የቤቱን ወሬ ከዘበኛው ሰብስበው ነው የሚቆሙ። መጀመሪያ የእህቴን ባል አሞገሱ፤ ሕፃኑን መረቁ። ቀጥሎ ስሜን ሰማሁ። ከላሊበላ የመጣ እንግዳ ሶፋ ላይ እንደተኛ፣ የአገራችን ሰው ነው ብለው ተስፋ እንዳደረጉ ዘፈኑ። ዝም አልኩ። ጠበቁ። ከዚያ ሴቲቱ ዜማውን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮው እስከ በር ይደርሳል፣ እጁ ግን ብርድ ልብሱን አያልፍም አለችኝ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ዘበኛው ከሁሉ አስበልጦ። ክረምት ከበጋ ሠላሳ ስምንት አልበም የሰፈርኩ ሰው፣ እኔን ለመስፈር ለእሷ አንድ ስንኝ በቃት። በካልሲዬ ወጥቼ ያለኝን ሰጠሁ፤ መረቁኝና ወደሚቀጥለው በር አለፉ። የሰጠኋቸው ስለወደድኩላቸው ነው ወይስ ስላፈርኩ ብለው አልጠየቁም።

ሳልከፍተው የከረምኩት አንድ አልበም ነበር፤ በማፈር። በመልሱ ጉዞ፣ ድልብን ወጥተን የጋሸናን ብርድ አልፈን አውቶቡሱ ወደ ላሊበላ ሲዞር፣ በአንድ ጆሮ የቀረውን ኤርፎኔን ሰክቼ «ላላ በሉ»ን ለቀቅሁት። በ«ትዝታ» ይጀምራል። በአኮርዲዮን ነው፤ እየተነፈሰ። ዘፋኙ የት አለ ብዬ ሳልጠብቅ አለቀ። «አንቺሆዬ ለኔ» ሲደርስ ከጎኔ የተቀመጡት ዶሮ ያቀፉ ሴትዮ በተሰካው ጆሮዬ ሳይሆን ባዶ በቀረው በኩል ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን ሰምተህ ነው ትከሻህ የሚንቀጠቀጥ?» አሉኝ። አላወቅሁም ነበር። ኤርፎኑን አውልቄ ሰጠኋቸው። ጥቂት ሰሙና «ይሄ የእኛ አይደል እንዴ?» ብለው መለሱልኝ፤ ዶሮዋን አደላደሉ።

ደብተሩን አልላክሁም። ለሰውዬው በስልክ አጭር መልእክት ጻፍኩለት፦

«ልክ ነዎት፤ ስድስት ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ ግን ከእኛ ሰፈር የሄዱ ናቸው። እርስዎም አምስቱን ገና አላዩም፤ ይምጡ።»